ለኮራል ስንት ብርሃን ይበቃዋል?

እናቴ ልትጠይቀኝ ቨርጂኒያ የመጣች ጊዜ ሳሎኔ ጥግ ያለውን የመስታወት ገንዳ ቆማ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ዓሦቹን ወደደቻቸው። ሰማያዊውን መብራት ግን አልወደደችውም፤ «የጭፈራ ቤት አስመሰልከው» አለችኝ። ከሁሉ ይበልጥ የገረማት በየማለዳው አጉሊ መነጽር ይዤ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ስመረምር ማየቷ ነበር። «ልጄ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የምትቀልበው?»

ቀልዷ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ኮራል ድንጋይ የሚመስል ቤት እየሠራ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ዋናው ቀለቡም ብርሃን ነው። ስለዚህ የኮራል ገንዳ ያለው ሰው የመብራቱን ኃይል ሲወስን ቀለብ እየሰፈረ ነው። ቀለብ ደግሞ ሲያንስም ሲበዛም ያስታውቃል።

ተከራይና አከራይ

ኮራል የምንለው ብዙውን ጊዜ ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት መንደር ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ አንድ አፍና በአፉ ዙሪያ የተደረደሩ ቀጫጭን ክንዶች አሉት። በሥጋው ውስጥ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ፣ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ በፎቶሲንተሲስ፣ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ብርሃን አስተጻምሮ በሚሉት ሂደት፣ ስኳርና ስብ ያመርቱና አብዛኛውን ለእንስሳው ያስረክባሉ። እሱም መጠለያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከራሱ ምግብ የተረፈውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሰጣቸዋል። ኪራዩ በስኳር የሚከፈልበት ቤት በሉት። ሁኔታው ሲመች ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው ከዚህ ኪራይ ይገኛል፤ ቀሪውን በተለይ ማታ ማታ ክንዶቹን ዘርግቶ ከውኃው በሚለቅማቸው ረቂቅ ፍጥረታት ይሞላዋል። የድንጋይ አጽሙን የሚገነባበት ፍጥነት እንኳ በብርሃን ጊዜ ከጨለማው ጊዜ በአማካይ ሦስት እጥፍ ያህል ነው።

ይህን የሰማ ጀማሪ «እንግዲያው መብራቱን እስከ መጨረሻው ልክፈተው» ይላል። ብዙ ኮራል የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ሲበዛ ማርም ይመራል።

ነገሩን በወፍጮ ቤት እንየው። እህሉ ብርሃኑ ነው፤ ወፍጮው አልጌው። እህሉ በጣም ሲያንስ ወፍጮው የሚፈጀውን ነዳጅ ዋጋ እንኳ አይመልስም፤ አልጌው የሚያመርተው እሱና አከራዩ ለመኖር ከሚፈጁት በታች ይሆናል። እህሉ ሲጨመር ዱቄቱም ይጨምራል። ቆይቶ ግን ወፍጮው በሙሉ አቅሙ የሚፈጭበት ጊዜ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው እህል ወለል ላይ ከመከመር ሌላ ጥቅም የለውም። አሁንም መጨመሩ ካልቆመ ወፍጮው ይታፈናል፣ ይግላል። በአልጌው ውስጥ ይህ ሲሆን ሥራ ያጣው ኃይል ኦክስጅንን ወደ ጎጂ ዓይነት ይለውጠውና የአልጌውንም የኮራሉንም ሕዋስ ይጎዳል። ኮራሉ በዚህ ጊዜ ተከራዮቹን ያስወጣቸዋል። ቀለሙ አብሯቸው ይሄድና ብርሃን በሚያሳልፈው ሥጋ በኩል ነጩ አጽም ይታያል። መንጣት የሚባለው ይህ ነው። ባሕር ሲሞቅ በሪፎች፣ ኮራሎች ባሕር ውስጥ በሠሯቸው የድንጋይ ክምሮች፣ ላይ የሚደርሰው ጥፋትም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ሙቀቱ ወፍጮውን ስለሚያደክመው ትናንት ልክ የነበረው ብርሃን ዛሬ ይበዛበታል።

ዓይን አይታመንም

«ገንዳዬ በደንብ ብሩህ ነው» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ዓይኑ ነው። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን ከሁሉ አጥርቶ የሚቀበለው የሞገድ ርዝመቱ 555 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን አረንጓዴ ነው። ለሰማያዊ ሰነፍ ነው። የኮራል አልጌ ግን ሰማያዊውን አጥብቆ ይፈልጋል፤ ኑሮው ያስተማረው እሱን ነው። የባሕር ውኃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ይውጠዋልና 10 ሜትር ሳይወረድ ከሞላ ጎደል ያልቃል፤ ጠልቆ የሚዋኝ ሰው ጣቱን ቢቆርጠው ደሙን ቀይ ሳይሆን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ሆኖ የሚያየው ለዚህ ነው። ሰማያዊው ግን እጅግ ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። እናቴ የጭፈራ ቤት ያለችው ቀለም እንግዲህ ለኮራሉ የአገሩ ሰማይ ነው።

ከዚህ የተነሣ በሉክስና በሉመን የሚለካ ብርሃን እዚህ ብዙ አይረዳም፤ ሁለቱም መለኪያዎች የተሠሩት በሰው ዓይን ልክ ነው። ለእኛ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ መብራት ለኮራሉ ድግስ ሊሆን ይችላል፤ ስልክ ላይ የሚጫን የሉክስ መለኪያ ይህን ድግስ አያየውም። የዋት ቁጥርም ያው ነው። ዋት መብራቱ ከኤሌክትሪክ መሥመሩ የሚወስደውን ይናገራል እንጂ ድንጋዩ ላይ የሚያርፈውን አይናገርም። ለእያንዳንዱ ሊትር ውኃ ይህን ያህል ዋት ያስፈልጋል የሚለው ምክር የሸምበቆ አምፖል ዘመን ቅርስ ነው፤ በኤልኢዲ ዘመን ሊጦር ይገባዋል።

የሚሠራው መለኪያ ፓር ይባላል፤ ለፎቶሲንተሲስ የሚውለው ብርሃን ማለት ነው። ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ይይዛል። መሣሪያው የሚቆጥረው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሴኮንዱ የሚያርፉትን የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለትም ፎቶኖችን ሲሆን፣ አሃዱ ማይክሮሞል ነው። አንድ ማይክሮሞል 6 ጽፈን 17 ዜሮ ብናስከትል የምናገኘው ያህል ፎቶን ነው። ከእንግዲህ «150» ስል 150 ማይክሮሞል ማለቴ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በሐሩር አገር የባሕር ገጽ ላይ የሚያርፈው 2,000 ገደማ ነው።

ቁጥሩ ብዙዎችን ያሳስታል። «ባሕሩ 2,000 ከሰጠው እኔ 600 ብሰጠው ምን አለበት?» ይላሉ። በመጀመሪያ ደረጃ ያ 2,000 የቀትር፣ ያውም የባሕሩ ገጽ ነው፤ ፀሐይዋ ትዘቀዝቃለች፣ ደመና ይመጣል፣ በጠራ ውኃ እንኳ 10 ሜትር ላይ የሚተርፈው ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ኮራሉ ለየትኛው ብርሃን ራሱን አዘጋጅቶ እንደነበረ የሚጠይቅ መኖር አለበት።

ከቀይ ባሕር

ይህን ለማስረዳት ስታይሎፎራ የሚባለውን ኮራል የሚስተካከል የለም። ባለ አጫጭር ጣት ቅርንጫፎች ያሉት፣ ከዳህላክ ደሴቶች እስከ እስራኤሏ ኤላት በቀይ ባሕር ሪፎች ላይ የሚኖር ነው። ፖል ፋልኮቭስኪና ዝቪ ዱቢንስኪ የተባሉ ሳይንቲስቶች በኤላት ባሕረ ሰላጤ የሚኖረውን ይህን ኮራል አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ያደገውና ጥላ ውስጥ ያደገው አንድ ዝርያ ሆነው ሳለ ቀለማቸው የተለያየ ነበር። የጥላው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። አልጌዎቹ ያቺኑ ጥቂት ብርሃን ላለማሳለፍ ክሎሮፊላቸውን፣ ማለትም ብርሃን የሚያጠምዱበትን ቀለም፣ እንደ መረብ አብዝተዋል። የፀሐዩ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ብርሃኑ ስለሚተርፈው መረቡን መዘርጋት አላስፈለገውም። በዚያው በሰሜኑ ቀይ ባሕር ሌፕቶሴሪስ የተባለ ሌላ ኮራል ከ100 ሜትር በታች፣ ለእኛ ድንግዝግዝ በሆነው ሰማያዊ ውስጥ ይኖራል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንወስዳለን። ቡናማ የሆነ ኮራል የግድ የታመመ አይደለም፤ መረቡን ሰፋ አድርጎ የዘረጋ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ግን ይህ ነው፤ በጥላ የኖረ ኮራል ድንገት ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበት ያ ሰፊ መረብ መቃጠያው ይሆናል። ከሱቅ ደብዛዛ ጥግ ተገዝቶ በቀጥታ መብራቱ ሥር የሚቀመጥ ኮራል ላይ የሚፈጸመው በደል ይኸው ነው። ኮራል ራሱን ከአዲስ ብርሃን ጋር ማስማማት ይችላል፤ ነገር ግን ሥራው ሳምንታት ይፈጃል።

ስንት እንስጠው?

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ከአሳዳጊዎች ልምድ የተጠራቀሙ ናቸው፤ በድንጋይ ላይ የተጻፈ ሕግ አይደሉም። ለስላሳዎቹ፣ ማለትም የእንጉዳይና የቆዳ ኮራሎች፣ ከ50 እስከ 100 ባለው ደስተኞች ናቸው፤ እንጉዳዮቹ ወደ ታችኛው ጫፍ ያደላሉ። መዶሻና ችቦ የሚባሉት፣ ትላልቅ ሥጋማ ፖሊፕ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ከ80 እስከ 150 ይበቃቸዋል። እንደ ሳህን የሚዘረጋው ሞንቲፖራ ከ150 እስከ 250 ያስደስተዋል። እንደ አጋዘን ቀንድ የሚቀረነጨፈው አክሮፖራ ከ200 እስከ 350 ይጠይቃል። በቤት ገንዳ ከ400 በላይ የሚያስኬድ በቂ ምክንያት እኔ አላየሁም። የኤሌክትሪኩ ሂሳብ ይጨምራል፤ ኮራሉ ግን ከዚያ በፊት ጠግቧል።

ሁሉም ዓይነት በአንድ ገንዳ ውስጥ ሲሆን ጨዋታው ያለው ከፍታው ላይ ነው። መብራቱን ለአክሮፖራው አስተካክሎ ሌላውን ዝቅ ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ለብዙኃኑ አስተካክሎ አክሮፖራውን መተው። ለጀመረ ሰው ሁለተኛውን እመክራለሁ። አክሮፖራ የሚጠይቀው ብርሃን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ አጽሙን የሚሠራባቸው የውኃው ካልሲየምም አልካሊኒቲም (በውኃው ውስጥ ያለው የካርቦኔት መጠን) ሳይወዛወዝ እንዲቆይለት ይፈልጋል፣ ያውም ብርሃኑ ሲጨምር ቶሎ ቶሎ ይጨርሰዋል። ናይትሬትና ፎስፌቱ ጨርሶ በጠፋበት፣ ከመጠን በላይ በጸዳ ውኃ ውስጥ ብርሃን መጨመርም ሌላው ስህተት ነው፤ አልጌው ማዳበሪያ ሳይኖረው እርሻው ላይ ፀሐይ ብቻ እንደ ማብዛት ነው።

ፓር መለኪያ መሣሪያ ውድ ነው። ሆኖም በሕይወት ዘመን ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚያስፈልግ ነገር መግዛት የለብንም፤ የሚያከራዩ ሱቆችና የሚያዋሱ የአሳዳጊዎች ማኅበራት አሉ። መለኪያው በዱላ ጫፍ የታሰረ ትንሽ ቁልፍ መሳይ ነገር ነው። ኮራሉ ሊቀመጥበት በታሰበው ቦታ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መያዝ፣ ሌላ ሥራ የለውም። የውኃው ገጽ ሲወዛወዝ ብርሃኑን እንደ ሌንስ እየሰበሰበ ስለሚበትነው ቁጥሩ ይዘላል፤ ፓምፑን ለአፍታ ማጥፋት፣ ካልሆነ ብዙ ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው። የራስን ጭንቅላትም ከመብራቱ ሥር ማራቅ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ የራሴን ጥላ ስለካ ነበር።

የእኔ ገንዳ በሁሉም ጎኑ 60 ሴንቲሜትር ነው፤ አንድ የኤልኢዲ መብራት ከውኃው በ22 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅሎለታል። ስለካው በድንጋዩ አናት ላይ 310 ሆነ። ከዚያ 20 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ 170፣ አሸዋው መሀል ላይ 95፣ የአሸዋው ጥግ ላይ ደግሞ 45። አንድ ገንዳ፣ አንድ መብራት፣ በቁጥሮቹ መካከል ግን ሰባት እጥፍ ያህል ልዩነት። «የመብራትህን ኃይል በስንት በመቶ ነው የምታበራው?» ተብሎ ሲጠየቅ የምሰማው ጥያቄ መልስ የሌለው ለዚህ ነው። ቁጥሮቹን በእርሳስ ወረቀት ላይ ሥዬ የገንዳው ቁም ሣጥን በር ላይ ለጥፌያቸዋለሁ፤ አዲስ ኮራል ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። መብራቱ ከፍ ሲል ብርሃኑ ይሰፋል፣ መሀሉም ይለዝባል፤ ጥጎቹ ጨለማ ለሆኑበት ገንዳ ኃይል ከመጨመር ይልቅ መብራቱን ትንሽ ማንሣት ይሻላል።

ከጥንካሬው ጋር ሰዓቱም ይቆጠራል። ኮራሉ በቀን የሚቀበለው ጠቅላላ ድምር ነውና፣ 150 ለ10 ሰዓት ቢበራ ድምሩ 5.4 ሞል (አንድ ሞል አንድ ሚሊዮን ማይክሮሞል ነው) ይሆናል፤ 225 ደግሞ ለ6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቢበራ ያው 5.4 ነው። ይህ ሂሳብ ጥንካሬውን ለቀነሰ ሰው መጽናኛ ነው፤ ነገር ግን ሰዓትን በመቀነስ ከመጠን ያለፈ ጥንካሬን ማካካስ አይቻልም፤ የታፈነ ወፍጮ ቶሎ ስለተዘጋ አይድንም። የእኔ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይበራል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሰዓት ደብዘዝ ያለ ነው። ሌሊቱ ግን ሌሊት መሆን አለበት።

አዲስ ኮራል ሲመጣ ሱቁ ውስጥ በምን ያህል ብርሃን እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልስ ካልተገኘ አሸዋው ላይ፣ ሊኖርበት ከታሰበው ግማሽ ያህል ብርሃን ባለበት ቦታ ማስቀመጥ፣ ሁለት ሳምንት መጠበቅ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ከፍ ማድረግ። አዲስ የሆነው መብራቱ ከሆነ ደግሞ ኮራሉን ሳይነኩ ኃይሉን ከግማሽ በታች ጀምሮ በየሳምንቱ 5 ወይም 10 በመቶ መጨመር።

ብርሃን የበዛበት ኮራል መጀመሪያ የሚነጣው ከአናቱ ነው፤ ጥላ ያለው የሥረኛው ጎኑ ቀለሙን እንደያዘ ይቆያል። ፖሊፖቹ ቀን ቀን ይሸሸጋሉ፤ እንጉዳዮቹ ይኮማተራሉ። ብርሃን ያነሰበት ይጠቁራል፤ እንጉዳዩ እንደ ወደቀ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ዞአንቲድ የሚባሉት አበባ መሳይ ኮራሎች ግንዳቸውን ወደ ላይ ይስባሉ፣ ጥላ ውስጥ እንደ በቀለ ችግኝ። ሥጋው ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ እየተላጠ የሚሄድ ከሆነ ግን መብራቱን መውቀስ ይቅርና ውኃው ይመርመር። አጉሊ መነጽሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ የነጣ ኮራል አልሞተም። በአጽሙ ላይ እንደ ቀጭን ጄሊ የሚያብረቀርቅ ሥጋ፣ ከፍተውም የሚዘጉ ክንዶች ይታያሉ። የሞተው ሸካራና ባዶ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ አልጌ ይለብሳል።

እኔ የማልረሳው ስህተቴ መብራቱን ሳልነካ የሠራሁት ነው። አንድ ቅዳሜ ማጣሪያው ውስጥ ያለውን አሮጌ ከሰል በአዲስ ቀየርሁ፤ እግረ መንገዴን የመብራቱ መስታወት ላይ የደረቀውን የጨው ቅርፊት በኮምጣጤ ጠርጌ አነሣሁ። ገንዳው እንደ ክሪስታል ጠራ፤ ፎቶ ሁሉ አነሣሁት። በአምስተኛው ቀን መዶሻዬ ከአናቱ ገረጣ። ከሰሉ ውኃው ውስጥ የነበረውን ቢጫማ ቀለም መጥጦ አውጥቶታል፤ ያ ቢጫ ሰማያዊውን ብርሃን ሲይዝልኝ ኖሯል፤ ጨዉም እንደ መጋረጃ ሆኖ ነበር። ሁለቱንም በአንድ ቀን ገፈፍኋቸው። የመብራቱ መቆጣጠሪያ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው፤ ኮራሉ ላይ ያረፈው ብርሃን ግን ያው አልነበረም።

መዶሻውን ወደ አሸዋው ጥግ አወረድሁት። ቡናማው ቀለም ከሥር ተነሥቶ አናቱ ላይ እስኪደርስ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ። አሁን የሚኖረው 95 የሚል በተጻፈበት ቦታ ነው። ከሰል የምቀይረውም ግማሽ ግማሹን ነው፤ የመብራቱን መስታወት በምጠርግበት ቀን ደግሞ ኃይሉን 10 በመቶ ዝቅ አድርጌ በሳምንቱ እመልሰዋለሁ።